የእረኝነት ጥሪ በምን ይታወቃል?

በዲቁና ሲያገለግሉ የቆዩ ወጣቶች ወደ ቅስና በቀረቡ ጊዜ አዘውትረው የሚያቀርቡልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የኔታ፥ እግዚአብሔር ለዚህ ሥራ የጠራኝ መሆኑን በምን ዐውቃለሁ?» የሚል ነው። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሳይጠይቅ ከሚገባው ይልቅ ይሻላል፤ የሸክሙን ክብደት ጥቂት ተረድቶታልና። ስለዚህ ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከአባቶች ታሪክ የተማርነውን በአጭሩ እናስረዳለን።

አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው ምኞትና ጥሪ አንድ አለመሆናቸው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 3 ይህን ሥራ መፈለግ መልካም መሆኑን ከገለጸ በኋላ፥ ፈላጊው ገንዘብን የማይወድ፥ እንግዳ የሚቀበል፥ ቤቱን የሚያስተዳድርና በውጭ ሰዎች ዘንድ ሳይቀር የተመሰከረለት መሆን እንደሚገባው ዘርዝሮ ያስተምራል። ሲሞን መሠርይም ሥልጣነ ሐዋርያትን እጅግ ተመኝቶ ነበር፤ ነገር ግን ገንዘብ ይዞ በመምጣቱ ምኞቱ ተግሣጽን አመጣበት እንጂ ክህነትን አላስገኘለትም። እንግዲህ ምኞት በሩን ያንኳኳል እንጂ አይከፍትም።

ዳግመኛም ፍርሃት ያለመጠራት ምልክት አይደለም። ሙሴ አንደበቱ ኰልታፋ መሆኑን፥ ኤርምያስም ልጅነቱን ምክንያት አድርገው ነበር፤ ሁለቱም ግን ተላኩ። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ አባቱ ቅስና በሾመው ጊዜ የኃላፊነቱ ክብደት አስጨንቆት ወዳጁ ባስልዮስ ወደሚገኝበት ወደ ጳንጦስ ሸሸ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ተመልሶ መንጋውን ጠበቀ፤ የሸሸበትንና የተመለሰበትንም ምክንያት በሰፊው ጽፎ ለካህናት ሁሉ ትምህርት ትቶ አለፈ። መሸሹ ከትሕትና ነበረ፤ መመለሱም ከመታዘዝ።

እንግዲህ ምኞትም ፍርሃትም ብቻቸውን ካላረጋገጡ ጥሪው በምን ይታወቃል? ሕፃኑ ሳሙኤል በሌሊት በተጠራ ጊዜ ድምፁ የማን እንደ ሆነ አላወቀም፤ ሦስት ጊዜም ወደ ካህኑ ወደ ዔሊ ሮጠ። የጠራው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተዋለው ዔሊ ነው። ዔሊ ዓይኑ የፈዘዘ፥ በልጆቹም ምክንያት የተወቀሰ ሽማግሌ ነበረ፤ ሆኖም ልጁ ያለ እርሱ የሰማውን ድምፅ ባልለየ ነበር። ስለዚህ ጥሪ የሚለየው በተጠሪው ልብ ብቻ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን አፍም ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የራሳችን አባት የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ታሪክ ነው። ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ የወረደው ለራሱ ሹመት ሊለምን አልነበረም፤ በአክሱም ያሉት ምእመናን ያለ ጳጳስ መኖራቸው አሳዝኖት ለእነርሱ የሚሆን እረኛ እንዲሾም ቅዱስ አትናቴዎስን ሊማልድ ነበር እንጂ። ቅዱስ አትናቴዎስም ከእርሱ የሚሻል ሰው እንደማይገኝ ተመልክቶ እርሱን ራሱን ሾሞ መለሰው። ፍሬምናጦስ ገና ሳይሾም ክርስቲያኖችን ይሰበስብ፥ የጸሎት ቤት እንዲያገኙም ይረዳ ነበር። ሹመቱ የመጣው እረኝነቱን ከጀመረ በኋላ ነው።

ታዲያ በአገራችን ለምን ችኰላ ተለመደ? ለብዙ ዘመን ከእስክንድርያ መንበር በሚላክ አንድ ጳጳስ ስንጠበቅ ኖረናል፤ እርሱም ሲሞት ተተኪው እስኪመጣ ዓመታት ያልፉ ነበር። በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ በአቡነ ማርቆስ እጅ በአንድ ቀን ከ2000 በላይ ሰዎች ክህነት ሲቀበሉ ማየቱን ጽፎአል። ጳጳሱ አርጅተው ነበርና ካህን እንዳይታጣ በመስጋት ሕፃናት ሳይቀሩ ዲቁና ይቀበሉ ነበር። ነገር ግን በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ፥ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ ከሆኑ ወዲህ ጳጳሳት ከልጆቻችን መካከል ይሾማሉ። የችኰላው ምክንያት አልፎአል፤ ልማዱ ግን አላለፈም።

ስለዚህ ለዕጩው ምስክርነት የምንሰጥ አለቆችና ካህናት እንጠንቀቅ። ለዘመድነት ብለን ወይም መተዳደሪያ እንዲያገኝ አዝነን የመሰከርንለት ሰው የብዙዎች የንስሐ አባት ይሆናልና። ለአንዱ የራራን መስሎን በብዙ ነፍሳት ላይ እንዳንጨክን ይገባናል።

አንተም ወንድማችን ዲያቆን ሆይ፥ ራስህን እንዲህ መርምር። ማንም ሳያዝህ የታመመ ትጠይቃለህን? የድኻው ለቅሶ እንደ ባለጠጋው ለቅሶ ያስነሣሃልን? የሰማኸውን የሰው ነውር መሸፈን ትችላለህን? ቅስና ከተቀበልህ በኋላ ጋብቻ የለምና፥ ወደ ተክሊል ከመቅረብህ በፊት እጮኛህ በሌሊት ተጠርቶ የሚሄድን፥ የሰማውንም ለሚስቱ የማይገልጥን ሰው ለማግባት በእውነት መፍቀዷን ጠይቃት። ከዚህም በኋላ ለሚያውቅህ መምህርና ለንስሐ አባትህ ምንም ሳትሰውር ተናገር፤ ቈይ ቢሉህ ቈይ። በዝግታ የደረሰ ሹመት አይጐዳህም። ቅስና ለአንተ አይደለም ቢሉህም የተጣልህ አይምሰልህ፤ በማሕሌቱና በጉባኤ ቤቱ፥ በሰንበት ትምህርት ቤቱም እግዚአብሔር የሚያሠራው ሠራተኛ ብዙ ነው።

ምናልባት ይህን የሚያነብ ካህን «እኔ ግን ሳልመረምር ገባሁ» ብሎ ያዝን ይሆናል። እኛም ዲቁና የተቀበልነው ዜማውን እንጂ ሸክሙን በማናውቅበት ዕድሜ ነው። ትርጕሙ የገባን ዘግይቶ፥ በአንድ በሚሞት ሰው አልጋ አጠገብ ተቀምጠን እጃችንን ይዞ አልለቅ ባለን ጊዜ ነበር። ይሁን እንጂ ተስፋ አንቈርጥም። ጌታችን በጎቹን ለጴጥሮስ አደራ በሰጠ ጊዜ ሦስት ጊዜ የጠየቀው ስለ ፍቅሩ ነው፤ የተጠየቀውም ሦስት ጊዜ የካደው ሰው ነበረ። ይህ ጥያቄ ዛሬም በየቅዳሴው ዋዜማ ይቀርብልናል። በፍቅር የመለሰለት ካህን ሳይመረምር የገባበትን በር በንስሐ ይቀድሰዋል።

ቸሩ እረኛ ለቤተ ክርስቲያኑ እንደ ልቡ የሆኑ እረኞችን ይስጣት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።