ባሕሩ የሸሸባት መንደር

«ከባሕር ጠለል በታች» ብለን ስናስተምር ተማሪው «ታዲያ ለምን ውሃ አይሞላውም?» ይለናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱን አፋር ውስጥ፣ ሐመድ ኢላ እንፈልግ። ከተማ ለመባል ያነሰች የበረሃ መንደር ናት፤ ከባሕር ጠለል በታች 100 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ከፊቷ የአሳሌ ሐይቅና የጨው ሜዳ ተዘርግተዋል። ድሮ ቀይ ባሕር እዚህ ድረስ ይገባ ነበር፤ መሬቱ ከፍ ብሎ መግቢያውን ሲዘጋው ውሃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። ዛሬም ከደጋው ጎርፍ ይወርዳል፣ ግን ሐሩሩ ይጠጣዋል። በአቅራቢያው ዳሎል ከ1960 እስከ 1966 (እ.ኤ.አ.) የተለካው አማካይ የዓመት ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው!

የዳሎልን ቢጫና አረንጓዴ ፍል ውሃ ሁሉም ያወራለታል፤ የእኛ ዓይን ግን ጨው ቆራጩ ላይ ነው። በዚያ ሐሩር አንዱ ጨዉን በእንጨት ይፈነቅላል፣ ሌላው አሞሌ አድርጎ ይጠርባል። አሞሌ እኮ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ገንዘባችን ነበር።

ለክፍል፦ ጨው የሟሟበት ውሃ በዝርግ ሳህን ፀሐይ ላይ ይቀመጥ። ውሃው ሲያልቅ ሳህኑን ለጠያቂው ተማሪ ስጡት፤ ይቅመሰው።