የአትክልትን ቦታ ከድኩላና ከሚዳቋ ስለ መጠበቅ

በጫካ አጠገብ አትክልት የሚተክል ሰው፥ ብዙ ወር የደከመበት ጎመን በአንዲት ሌሊት ተበልቶ ያገኘዋል። የዚያ ቤት ልጆች የሚበሉት ከዚሁ ጎመን ነውና፥ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ ሽማግሌዎችም ለመንደራቸው ሰው የሚከተለውን ያስተምሩ ዘንድ ይገባል።

አንደኛ፤ የበላውን መለየት። ድኩላና ሚዳቋ እንደ በግና እንደ ፍየል በላይኛው መንጋጋቸው የፊት ጥርስ የላቸውም። ስለዚህ ቅጠሉን ቦጭቀው ይበሉታል እንጂ አይቆርጡትም፤ የተረፈውም ጫፍ የተቦጫጨቀ ይሆናል። ጥንቸል የበላው ግን በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል። ጃርትም መሬቱን ቆፍሮ ሥሩን ያወጣል። መምህሩ ተማሪዎቹን በማለዳ ወስዶ የቅጠሉን ጫፍና ለሁለት የተከፈለውን የሰኮና ምልክት ያሳያቸው። የጎረቤት ፍየልም እንዲሁ ያለ ምልክት ይተዋልና፥ አውሬውን ከመክሰስ በፊት በረቱ ተዘግቶ አድሮ እንደ ሆነ መጠየቅ መልካም ነው።

ሁለተኛ፤ ዐጥር። ድኩላ ዘላይ ነውና የዐጥሩ ቁመት ከ4 ክንድ፥ ማለት ከ2 ሜትር አይነስ። ሚዳቋ ግን ትንሽ ናት፤ የትከሻዋ ቁመት ከ1 ክንድ ብዙም አይበልጥምና በቀዳዳ ትሾልካለች። ስለዚህ የዐጥሩ ግርጌ በእሾህ ይደፈን፤ የቅርንጫፉም ጫፍ ወደ ውጭ ይሁን። የደረቀ እሾህ ምስጥ ይበላዋልና፥ በአጠገቡ በደጋ ቀጋ፥ በቆላ ቅንጭብ ቢተከል ከጥቂት ዓመት በኋላ ሕያው ዐጥር ይሆናል። የቅንጭብ ወተት ዓይንን ክፉኛ ይጎዳልና ሕፃናት አይንኩት።

ሦስተኛ፤ መሸሸጊያ። እነዚህ አራዊት ቀን በቁጥቋጦ ተሸሽገው ይውሉና፥ ሲመሽና ጎሕ ሲቀድ ይሰማራሉ። በዐጥሩ ዙሪያ ያለው ቁጥቋጦ ቢመነጠር ገላጣውን ቦታ ይፈሩታል። የተዳፋቱን ደን ግን መመንጠር አፈርን ለጎርፍ መስጠት ነው።

አራተኛ፤ ጥበቃ። አውሬ በአንድ ስፍራ የቆመውን ማስፈራሪያ ቶሎ ይለምደዋልና፥ ቦታው በየጥቂት ቀኑ ይለወጥ። ከዚህ የሚሻለው ውሻና በማማ ላይ የሚያድር ሰው ነው። ጎረቤቶች ጥበቃውን በተራ ቢይዙት፥ ልጅ እንቅልፍ አጥቶ ከትምህርቱ አይቀርም።

አውሬውን መግደል ግን አይገባም። የአገሩ ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ወጥመድም ጥጃና ልጅ አይለይም። ደግሞም በባሌ ተራሮች እንደሚኖረው የደጋ አጋዘን ያለው እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝምና፥ አንድ ጊዜ ከጠፋ የሚተካው የለም። ጎመን ግን በዐጥር ይጠበቃል።

ጥያቄ።
1. ድኩላ የበላውን ቅጠል ጥንቸል ከበላው በምን ትለያለህ?
2. የዐጥሩ ግርጌ ስለ ምን ይደፈናል?
3. ማስፈራሪያው ስለ ምን ቦታው ይለወጣል?