ዘይቱ ጎደለ ወይስ ሞተሩ ዘመመ?

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በአንኮበር በኩል ወደ አሊዩ አምባ የሚወርድ መንገደኛ በግማሽ ቀን ውስጥ ከውርጭ ወደ ሙቀት ይሻገራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ አሊዩ አምባ ከአንኮበር ተራሮች ሥር፣ ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው ገደላማ አገር ላይ ተቀምጣለች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የሚመጣው የሲራራ ንግድ የሚደርስባት የታወቀች ገበያ ነበረች፤ እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ጆንስተንም እ.ኤ.አ. በ1842 በዚያው ተቀምጦ ስለ ከተማዋ ጽፏል። የዚያን ጊዜ ነጋዴ በበቅሎና በአህያ ይወጣው የነበረውን ዳገት የዛሬው ሠራተኛ በሞተር ብስክሌት ይወጣዋል። በቅሎ ግን ዘይቴን ለኩልኝ አትልም ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቻችን ጋር ለመስክ ትምህርት ወደዚያ በወረድን ጊዜ ከአንድ የግብርና ባለሙያ ጋር ተዋወቅን። ገና 800 ኪሎ ሜትር ያልሞላው፣ ባለ አራት ምትና ባለ አንድ ሲሊንደር አዲስ ሞተር ብስክሌት ነበራቸው። የፊዚክስ መምህራን መሆናችንን እንደ ሰሙ፣ «እንግዲያው መምህር፣ አንድ ነገር ንገሩኝ፤ አዲስ ሞተር ዘይት ይበላል እንዴ?» ሲሉ ጠየቁን።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለሙያው ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ሞተሩን ሲረከቡ ዘይቱን በየጊዜው እንዲያዩ ስለ ተነገራቸው፣ በየጥቂት ቀኑ ማለዳ ከቤታቸው ደጃፍ ላይ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ይመለከታሉ። የዘንጉ ጫፍ እምብዛም አልረጠበም። ጥቂት ይጨምራሉ። በሌላው ጊዜም እንደዚያው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ መውጣት ጀመረ፤ የአየር ማጣሪያው ቤት በዘይት ራሰ፤ ሞተሩም ዳገት ላይ ከበደው። ያዩት አንድ መካኒክ «ፋሻው ነው፤ ሞተሩ ይከፈት» አሏቸው። ሞተሩ ቢከፈት የሻጩ ዋስትና ይቀራል፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣም ባለሙያው ወደ ቆላው ቀበሌዎች በእግራቸው ሊወርዱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የጨዋታ ጥያቄ አልነበረም።

እኛ ሞተሩን ከመመርመራችን በፊት ሞተሩ የቆመበትን መሬት መረመርን። ደጃፉ ተዳፋት ነው። ብስክሌቱ በጎን ማቆሚያው ላይ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ቆሟል፤ የፊት ጎማው ወደ ቁልቁለቱ ዞሯል። የዘይቱ መለኪያ ደግሞ በሞተሩ በስተ ቀኝ፣ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ ይገኛል። አንባቢ ከዚህ ላይ ቆም ብሎ ውጤቱን ራሱ ለመገመት ቢሞክር እንወዳለን።

በዕረፍት ላይ ያለ ፈሳሽ ገጽ ምንጊዜም አግድም ነው። ገጹ ቢያዘነብል ኖሮ የመሬት ስበት በገጹ አቅጣጫ ፈሳሹን የሚጎትት ድርሻ ይኖረው ነበር፤ ፈሳሹም ያ ድርሻ ዜሮ እስኪሆን ድረስ ይፈስ ነበር። ግንበኞች በቱቦ ውስጥ ባለ ውሃ ግንብ የሚያስተካክሉት፣ መሣሪያውንም «ውሃ ልክ» የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ሞተሩ ሲያዘነብል ዕቃው እንጂ የዘይቱ ገጽ አያዘነብልም። በዘነበለው በኩል ዘይቱ ይጠልቃል፤ በተቃራኒው በኩል ይሳሳል። መለኪያው በቀኝ፣ ዝንባሌው ወደ ግራ ከሆነ ዘንጉ የሚነካው የሳሳውን ዳር ነው።

ምን ያህል ይሳሳል? ከክርና ከአንዲት ብሎን ቱምቢ ሠርተን በተማሪ ፕሮትራክተር ዝንባሌውን ስንለካ 10 ዲግሪ ያህል ሆነ። ከሞተሩ መካከለኛ መስመር እስከ መለኪያው ያለው አግድም ርቀት 8 ሴንቲ ሜትር ነበር። የገጹ የከፍታ ልዩነት ርቀቱ በዝንባሌው ታንጀንት ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ የ10 ዲግሪ ታንጀንት 0.18 ስለሆነ 1.4 ሴንቲ ሜትር እናገኛለን። በዘንጉ ላይ ባሉት በዝቅተኛውና በከፍተኛው ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ግን አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም! ልኩ የሞላ ሞተር በጎን ማቆሚያው ላይ ሲታይ ባዶ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ተዳፋቱም የራሱን ጨመረበት። ደጃፉ በ100 ሴንቲ ሜትር 8 ሴንቲ ሜትር ያዘቀዝቃል፤ መለኪያው ከዘይት መያዣው መካከል ወደ ኋላ 5 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ የፊት ጎማው ወደ ታች በመዞሩ ዘይቱ ወደ ፊት ሸሽቷል። ይህ 0.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱ ስሕተቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆኑ ተደምረው 1.8 ሴንቲ ሜትር ሆኑ። በዘይት መያዣው ውስጥ ከጥርሶቹና ከሌላው ዕቃ የተረፈው የገጹ ስፋት 150 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው ብለን ብንገምት፣ በዚህ አኳኋን እስከ ምልክቱ የሞላ ሰው 270 ሚሊ ሊትር ትርፍ ዘይት ጨምሯል ማለት ነው። ሞተሩ በጠቅላላው የሚይዘው አንድ ሊትር ብቻ ነው። (መለኪያው በግራ በኩል ያለ ሞተር ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ወደየት ይሆን ነበር? የትኛውስ ስሕተት የባሰ አደገኛ ነው? ለተማሪዎች የተተወ ነው።)

ዘይት ስለ መለካት የሚሰጡ ምክሮች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን እኩል ክብደት የላቸውም። «ሲሞቅ ለካ»፣ «ጥቂት ጠብቅ» የሚሉትን እንውሰድ። የሞተር ዘይት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከአሥር ሺህ ሰባት ያህል ይሰፋል። ከማለዳው ብርድ ተነሥቶ 70 ዲግሪ ቢሞቅ ስፋቱ 5 በመቶ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር 50 ሚሊ ሊትር ነው፤ በዘንጉ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ። በግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚቀረው ዘይት ደግሞ እየተንጠባጠበ ሲወርድ ንብርብሩ በጊዜው ካሬ ሥር መጠን ይሳሳል፤ ንብርብሩን በግማሽ ለማሳሳት አራት እጥፍ መጠበቅ ያሻል። በሞቀ ሞተር ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ በኋላ በግድግዳው የሚቀረው ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ልዩነት ነው የሚያመጣው። ስለዚህ ደቂቃዎቹን በሰዓት እየቆጠሩ ብስክሌቱን አዘንብሎ ማቆም ሚዛኑን ወልውሎ በነፋስ መካከል እንደ መመዘን ያለ ነው።

ከዝንባሌው ጋር የሚወዳደር ስሕተት አንድ ብቻ አለ፤ እርሱም የዘንጉ ክዳን ጥርስ ነው። በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ዘንጉ ተወልውሎ ወደ ቀዳዳው ሲመለስ ሳይጠብቅ፣ ክዳኑ በጥርሱ ጫፍ ላይ ብቻ አርፎ ይለካል። አጥብቆ የለካ ሰው ዘንጉን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አብልጦ ስላጠለቀው፣ የጎደለው ዘይት ሙሉ ሆኖ ይታየዋል። አጥብቃችሁ ለኩ የሚሉ ፋብሪካዎችም ስላሉ የሞተሩን መመሪያ ማንበብ ግድ ነው። ጎን ማቆሚያ ላይ አቁሞ፣ ክዳኑንም አጥብቆ የሚለካ ሰው ሁለት ስሕተቶቹ ተጣፍተውለት ለዓመታት በሰላም ሊነዳ ይችላል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያረመ ዕለት ግን ይቸገራል።

ትርፍ ዘይት ለምን ይጎዳል? «ቢተርፍ ምን አለበት፣ ቢያንስ አይደርቅም» የሚለውን አስተሳሰብ በብዙ ጋራዦች ሰምተናል። መልሱን ለማግኘት ዘይት ጭነት የሚሸከምበትን መንገድ ማየት ይጠቅማል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቦሻም ታወር እ.ኤ.አ. በ1883 የባቡር አክስል ኩሽኔታ ሲመረምር በላዩ ላይ ቀዳዳ በሳ፤ አክስሉ ሲዞር ዘይቱ በቀዳዳው ሽቅብ ወጣ። በቡሽ ደፈነው፤ ቡሹ ተወረወረ። በእንጨት ደፈነው፤ እንጨቱም ወጣ። 200 ፓውንድ በካሬ ኢንች፣ ማለትም 14 አትሞስፌር ያህል የሚያነብ የግፊት መለኪያ ሲያያይዝ መለኪያው ከመጨረሻው ምልክት አለፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኦስቦርን ሬይኖልድስ ምክንያቱን በሂሳብ አብራራ፦ የሚዞረው ብረት ዘይቱን ወደሚጠብበው ክፍተት እየጎተተ እንደ ሽብልቅ ያስገባዋል፤ ሽብልቁም ብረቱን ከብረቱ ያነሣዋል። ብረቶቹ የሚንሳፈፉት እንዲህ ነው።

ይህ ሽብልቅ የሚሠራው ዘይቱ ዘይት ብቻ ሲሆን ነው። ከልኩ በላይ በተሞላ ሞተር ውስጥ ክራንክ ሻፍቱ በደቂቃ ሺህዎች ጊዜ እየዞረ የዘይቱን ገጽ ይመታል፤ ዘይቱ እንደ ተመታ እንቁላል አረፋ ይሆናል። አረፋ በአመዛኙ አየር ነው፤ አየር ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል። ፓምፑ አረፋ ሲስብ ወደ ካምሻፍቱ መቀመጫ የሚደርሰው ዘይት ይጎድላል። ዘይቱን ለመናጥ የጠፋው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ባለሙያው ዳገት ላይ የተሰማቸው ክብደት አንዱ ምንጩ ይህ ነው። ትርፉ ጤዛም በመተንፈሻው ቱቦ ወደ አየር ማጣሪያው ይሄዳል፤ ከዚያም ከነዳጁ ጋር ተቃጥሎ ሰማያዊ ጭስ ይሆናል። የተበላሸ ፋሻም ይህንኑ ጭስ ስለሚያመጣ የመካኒኩ ግምት ከንቱ አልነበረም፤ የጎደለው ከግምቱ በፊት መደረግ የነበረበት ልኬት ነው።

የጎደለ ዘይትም በአንኮበር ዳገት ላይ ከሜዳው የባሰ ነው። በረጅም አቀበት ዘይቱ ወደ ኋላ፣ በቁልቁለት ወደ ፊት ይሸሻል፤ መጠኑ ካነሰ የፓምፑ መሳቢያ አየር ላይ ሊቀር ይችላል። ቁልቁለቱን ነዳጅ ዘግቶ በማርሽ መውረድ ፍሬንን ያሳርፋል፤ ነገር ግን በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ዝቅተኛ ግፊት ገና ባልተላመደው ፋሻ በኩል ዘይት ወደ ላይ ይስባል። ስለዚህ አዲስ ሞተር በእርግጥ ጥቂት ዘይት ይበላል፤ ባለሙያው የጠየቁት ጥያቄ መልስ «አዎን፣ ግን ይህን ያህል አይደለም» የሚል ነበር።

ማስተካከሉ አንድ ሰዓት ፈጀ። በቅድሚያ በግማሽ ጠርሙስ ውሃ ደልዳላ ቦታ ፈለግን፤ ጠርሙሱ በጎኑ ሲተኛ የውሃው ገጽ ከጠርሙሱ ጎን ጋር በሁለቱም ጫፍ እኩል ከራቀ መሬቱ አግድም ነው። ጠርሙሱን በሁለት አቅጣጫ ማስተኛት ያስፈልጋል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያየ ሰው በሌላው ይሳሳታል። ብስክሌቱ የመሐል ማቆሚያ ስላልነበረው አንድ ተማሪ በቱምቢው እየተመራ ቀጥ አድርጎ ያዘው። ሞተሩን ለአራት ደቂቃ አስነሥተን አጠፋነው፤ ሦስት ደቂቃ ጠብቀን ለካነው። ዘይቱ ከከፍተኛው ምልክት በላይ ብዙ አልፎ ነበር።

ትርፉን ከታች ባለው የማፍሰሻ ብሎን መቀነስ ይቻላል፤ ነገር ግን የሞቀው ዘይት እጅ ያቃጥላል፣ ከታሰበው በላይም ይፈስሳል። ከጤና ጣቢያው አጠገብ ካለው መድኃኒት ቤት 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አዲስ ሲሪንጅ ገዝተን ቀጭን ቱቦ አጠለቅንበት፤ በመሙያው ቀዳዳ እየሳብን በየሁለት ሲሪንጁ እንደገና ለካን። አራት ሞልተን በአምስተኛው ጥቂት ስንስብ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ሆነ፦ ሩብ ሊትር ያህል። ግምታችን 270 ነበር፤ ለ150ው ካሬ ሴንቲ ሜትር ግምት መጥፎ አይደለም። የወጣው ዘይት በጀሪካን ተከደነ እንጂ መሬት ላይ አልፈሰሰም።

ሁለት ነገሮች ልንነግራቸው ይገባ ነበር። አንደኛው፣ በእንዲህ ያለ ሞተር ውስጥ አንዱ ዘይት ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን በአንድነት ስለሚያገለግል፣ ሰበቃን እጅግ የሚቀንስ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል፤ በቆርቆሮው ላይ ጃሶ ኤም ኤ የሚል ምልክት መፈለግ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስባል፦ ሳይጨመርበት ከፍ የሚል ዘይት። የደብረ ብርሃን አየር እፍጋት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር በዚያ ከፍታ ከልኩ በ15 በመቶ ገደማ የበለጠ ነዳጅ ይሰጣል። ያልተቃጠለው ቤንዚን፣ በተለይ በብርድ ማለዳ አጭር ጉዞ ለሚደረግበት ሞተር፣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ዘንጉን ማሽተት ነው፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለ ዘይቱ መቀነስ ሳይሆን መቀየር አለበት። የእርሳቸው አልሸተተም። የመጀመሪያው ቅያሬ ግን፣ አዲስ ብረት የፈጨው ደቃቅ ስላለበት፣ መመሪያው እንደሚለው በ1,000 ኪሎ ሜትር ሊደረግ ነው።

የአየር ማጣሪያውን አጽድተን ሞተሩን ስናስነሣው አሁንም ጨሰ። በጭስ ማውጫው ውስጥ የቀረው ዘይት እስኪቃጠል ድረስ ሁለት ቀን እንደሚወስድ ነግረናቸው ተለያየን። ከሳምንት በኋላ ስልክ ደወሉ፤ ጭሱ በሦስተኛው ቀን ቆሟል። ከደጃፋቸው ላይም የፊቱ ጎማ፣ የኋላው ጎማና የማቆሚያው እግር የሚያርፉባቸውን ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ከአንድ ግንበኛ በተዋሱት ውሃ ልክ ተክለዋል። የማቆሚያውን ድንጋይ ከፍ በማድረጋቸው ብስክሌቱ ሰው ሳይዘው ቀጥ ሊል ጥቂት ነው የሚቀረው።