ድምፅ የሚሰፈርበት ቁና

ቢስሚላሂ አር-ረሕማን አር-ረሒም



ምርጫ በመጣ ቁጥር በየሰፈሩና በየመስጊዱ ደጃፍ የምንሰማው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ኮሮጆው ይጠበቃል ወይ? ቆጠራው በታዛቢ ፊት ይሆናል ወይ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ኮሮጆው ከመምጣቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ያለቀ፣ አብዛኞቻችን ልብ የማንለው ጉዳይ አለ። እርሱም የምርጫ ክልል ወሰን ነው። አንድ መራጭ ከየትኛው ቀበሌ ሕዝብ ጋር ተደምሮ ይመርጣል? ስንት ሺሕ ሰው ሆኖ አንድ ተወካይ ይልካል? ይህን የሚወስነው ያ መስመር ነው።

እህል በገበያ ሲሰፈር ገዢ በሁለት መንገድ ሊጎዳ ይችላል። አንደኛው ቁናው ሳይሞላ ሲቀር ነው፤ ይህን ዓይን ያየዋል። ሁለተኛው ቁናው ራሱ ከሌላው ቁና ሲለይ ነው፤ ይህ ሁለቱ ጎን ለጎን ካልተቀመጡ አይታወቅም። ሱረቱል ሙጠፊፊን ለራሳቸው ሲሆን አሟልተው፣ ለሌላው ሲሆን አጉድለው የሚሰፍሩትን በብርቱ ያስጠነቅቃል። እንደ እኔ እምነት የምርጫ ክልል የድምፅ ቁና ነው። ስለዚህ ማንም አንዲት ወረቀት ሳይሰርቅ ምርጫ ሊዛባ ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ፣ ከእነዚህም አነስተኛ ቁጥር ያላቸው ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ከ20 የማያንስ መቀመጫ እንዲኖራቸው ይደነግጋል። በየምርጫ ክልሉ የሚያሸንፈው ከተወዳዳሪዎቹ መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ነው። አንቀጽ 103 ደግሞ የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ በውጤቱ መሠረትም ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን ወሰን እንዲወስን ያዛል። እንግዲህ ሰንሰለቱ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ሰው ይቆጠራል፣ ቀጥሎ መስመር ይሰመራል፣ ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። የፊተኛው ቀለበት ከተበጠሰ የኋለኞቹ አይጠኑም።

ውክልናን በቁጥር መደልደል ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በሁለተኛው የዐቀባ ቃል ኪዳን ጊዜ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የመዲና ሰዎች ከመካከላቸው 12 ተጠሪዎች እንዲመርጡ ጠይቀው፣ ቁጥሩ ከሚበዛው ከኸዝረጅ 9፣ ከአውስ 3 ተመረጡ። ይህን የዛሬ ምርጫ ሕግ ማስረጃ ለማድረግ አይደለም የጠቀስኩት። ተጠሪ የሚሰየምለት ወገን ብዛትም ቦታም እንዳለው ታሪካችን እንደሚያውቅ ለማስታወስ ብቻ ነው።

መስመር እንዴት ያዳላል?

መንገዶቹ በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛው የምርጫ ክልሎችን በሕዝብ ብዛት አለማመጣጠን ነው። ሁለተኛው አንድን ማኅበረሰብ ከፋፍሎ በየጎረቤቱ የምርጫ ክልል ውስጥ መበተንና በሁሉም ዘንድ አናሳ ማድረግ ነው። ሦስተኛው የአንድን ወገን ደጋፊዎች በአንድ ቦታ አጭቆ አንድ መቀመጫ በሰፊ ድምፅ እንዲያሸንፉ፣ በተቀሩት ግን ድምፅ እንዲያጡ ማድረግ ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ገዥ የነበረው ኤልብሪጅ ጌሪ እ.ኤ.አ. በ1812 የፈረመበት ካርታ ሳላማንደር የሚባለውን እንሽላሊት መሰል ፍጥረት የሚመስል ቅርጽ ስለነበረው፣ ድርጊቱ ከስሙ ተውጣጥቶ እስከ ዛሬ ጄሪማንደሪንግ ይባላል።

ሰቆጣን እንመልከት

ትምህርቱ ከወረቀት ወርዶ እንዲታይ ሰቆጣንና የዋግ ኽምራን ደጋ በምሳሌነት መርጫለሁ። ሕዝቡ እጅግ አብዛኛው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን፣ ሙስሊሙም ጥቂት ነው፤ ታዲያ ለምን ሰቆጣ? የሚለኝ አይጠፋም። ፍትሕን ከጎረቤት ጉዳይ ላይ መማር ከራስ ጉዳይ ላይ ከመማር ይቀላልና ነው።

ዋግ በደርግ ዘመን በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር አውራጃ ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በተዘረጋው አወቃቀር ዋግ ከአማራ ክልል ጋር ሲሆን፣ በዚያው በወሎ ሥር የነበሩት ኮረምና አላማጣ ወደ ትግራይ ክልል ገቡ። በዚህም የተነሳ የሰቆጣ ሰው ለአንዱ ክልል ምክር ቤት፣ ብዙም የማይርቀው የኮረም ሰው ለሌላው ሲመርጡ ዓመታት ተቆጠሩ። የይገባኛሉ ክርክር ብዙ ደም ያፈሰሰ ነው፤ እዚህ ላይ ልፈርድበት አልነሳሁም። ለትምህርታችን የሚበቃን አንድ ነገር ነው፤ መስመር ሲንቀሳቀስ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ አቤት የሚልበት ምክር ቤት ይለወጣል።

በዋግ ኽምራ ኽምጣና ተናጋሪው የአገው ሕዝብና አማርኛ ተናጋሪው አብረው ይኖራሉ። የክልሉ ሕገ መንግሥትም ለኽምራ ብሔረሰብ የራሱን ምክር ቤት ይፈቅዳል። እንበልና ነገ አንድ ካርታ ሠሪ የዋግን ወረዳዎች ለሦስት ሸንሽኖ ከወሎና ከጎንደር የምርጫ ክልሎች ጋር ቢያዳብላቸው ምን ይሆናል? እያንዳንዱ ሰው ካርዱን ይወስዳል፣ ድምፁንም ይሰጣል። ነገር ግን በኽምጣና የሚናገር አንድ ተወካይ ላያስመርጥ ይችላል። ሁለተኛው የማዛባት መንገድ ማለት ይህ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የ1987 ቆጠራ 53.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መዘገበ፤ ለ547ቱ መቀመጫዎች ሲካፈል ለአንዱ 98 ሺሕ ገደማ ይደርሳል። በ1999 ሕዝቡ 73.75 ሚሊዮን ያህል ሲሆን ድርሻው ወደ 135 ሺሕ ከፍ አለ። በዚያው በ1999 ዋግ ኽምራ ውስጥ የተቆጠረው 426 ሺሕ ያህል ሰው ነው። በአሮጌው ቁና ብንሰፍረው ከአራት መቀመጫ በላይ ያሰጠዋል፤ በአዲሱ ግን ከሦስት ጥቂት ይበልጣል። የምክር ቤቱ ወንበር በሕግ የተገደበ ስለሆነ «ሕዝባችን ስለበዛ መቀመጫ ይጨመርልን» ማለት ብቻውን አይበቃም። ጥያቄው ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል በዛ? የሚለው ነው።

ከዚህ ላይ ጦርነቱን ጨምሩበት። ከ2013 ዓ.ም. በኋላ ከአበርገሌ፣ ከዝቋላና ከጻግብጂ በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሰው ወደ ሰቆጣ ተፈናቅሎ ነበር። ሕዝብ በመጠለያ ባለበት ሰዓት ቆጥሮ መስመር የሚያሰምር ሰው ሰቆጣን አብዝቶ አበርገሌን ባዶ ያደርጋል፤ ተፈናቃዩ ወደ ቀዬው ሲመለስ ወንበሩን አያገኘውም። ስለዚህ ቆጠራ ሰላም ይፈልጋል የሚለው ክርክር ከባድ ክርክር ነው፤ በቀላሉ የምንጥለው አይደለም።

ያልተነካ መስመርም ይዛባል

ሆኖም መዘግየቱም ዋጋ አለው። በ1999 ቆጠራ ከተደረገ በኋላ በ2002፣ በ2007ና በ2013 የተካሄዱት ምርጫዎች ከ1987 ጀምሮ በነበረው የመቀመጫ ድልድል መሠረት የተደረጉ ናቸው። አራተኛው ቆጠራ ደጋግሞ ተራዘመ፤ በ2011ም የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ አስተላለፈው። መስመሩ ቢቆምም ሕዝቡ አልቆመም።

በ1999 ቆጠራ መሠረት በሶማሌ ክልል 23 መቀመጫ ላይ አንዱ 193 ሺሕ ያህል ሰው ይወክላል። በአፋር 8 መቀመጫ ላይ 174 ሺሕ፣ በድሬዳዋ 2 መቀመጫ ላይ 171 ሺሕ፣ በኦሮሚያ 178 መቀመጫ ላይ 152 ሺሕ ገደማ ይደርሳል። በአንጻሩ በአማራ 138 መቀመጫ ላይ 125 ሺሕ፣ በአዲስ አበባ 23 መቀመጫ ላይ 119 ሺሕ፣ በትግራይ 38 መቀመጫ ላይ 114 ሺሕ ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር የጅግጅጋው 17 ሰው የመቀሌውን 10 ሰው ያህል ይመዝናል። እንደ ሐረሪ ላሉ አነስተኛ ሕዝቦች ሕጉ ሆን ብሎ ያደላላቸው አለ፤ ያ ተገቢ ነው። የሶማሌውና የአፋሩ ጉድለት ግን ማንም አስቦበት የሰጠው ሳይሆን ከዝምታ የመጣ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. እስከ 1832 ድረስ ሰው አልባ ለመሆን የቀረበችው ኦልድ ሳረም ሁለት እንደራሴ ስትልክ ትልቋ ማንቸስተር አንድም የራሷ አልነበራትም። መነሻው ይኸው የቆመ መስመር ነበር።

ቆጠራውም ራሱ መታመን አለበት። የ1999ኙ ውጤት በአማራ ክልል ከተጠበቀው በሚሊዮኖች አንሶ በመገኘቱ በምክር ቤት አነጋግሯል፤ የሙስሊሙ ድርሻ 33.9 ከመቶ መባሉም በመካከላችን ብዙዎችን አላረካም። ያልታመነ ቆጠራ ያልታመነ መስመር ይወልዳል። በ2013ም አፋርና ሶማሌ በሚከራከሩባቸው ስምንት ቀበሌዎች ምርጫ ቦርድ ሊከፈቱ የነበሩ 30 የምርጫ ጣቢያዎችን ሰርዟል። የወንድማማች ሕዝቦች የወሰን ክርክር ሳይፈታ ሲቀር መጀመሪያ የሚታገደው የነዋሪው ድምፅ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እያንዳንዳችን የምርጫ ክልላችንን ስምና ወሰን እንወቅ። በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባና ኦሮሚያ ወሰናቸውን ሲለዩ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ወደ ኦሮሚያ ተካለለ። በ2015 በሸገር ከተማ መስጊዶች ሲፈርሱም ምእመኑ በሕግ አቤት ሊልበት የሚገባው የተመረጠ ምክር ቤት የአዲስ አበባው ሳይሆን የኦሮሚያው ጨፌ ነበር። መስመሩን ያላወቀ ተወካዩንም አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ቆጠራ ሲመጣ በር አንዝጋ፤ ቤተሰባችንን አሟልተን እናስመዝግብ።

ሦስተኛ፣ አዲስ ወሰን ሲረቀቅ ካርታው፣ የየምርጫ ክልሉ የሕዝብ ቁጥርና መመዘኛው ቀድሞ ለሕዝብ ይውጣ፤ ለተቃውሞም በቂ ጊዜ ይሰጥ። የሰቆጣው ገበሬም የመርካቶው ነጋዴም አይቶ «ይህ ልክ አይደለም» ማለት ይቻለው።

አራተኛውና ከባዱ፣ ለእኛ የሚያደላ መስመር አንጠይቅ። በሱረቱ አን-ኒሳእ 135ኛው አንቀጽ በራሳችን ላይ ቢሆን እንኳ በፍትሕ እንድንቆም ታዘናል። ከላይ ያለውን ሒሳብ እንደገና ተመልከቱት፤ የአዲስ አበባ መራጭ ከአገሪቱ አማካይ በቀለለ ቁና ተሰፍሮለታል። ትክክለኛ ቆጠራ ቢመጣ ከመዲናችን ወንበር ተቀንሶ ለጅግጅጋና ለሰመራ ሊሄድ ይችላል። ያን ጊዜ «የተሰፈረልን ይበቃናል» ለማለት ዝግጁ ነን? የምንጠይቀው ፍትሕ እውነተኛ መሆኑ የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው።

አላህ ቁናችንን ያስተካክልልን፤ ለአገራችን ሰላም፣ ለተፈናቀሉትም መመለስን ይስጥልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።