ድርጅት ሲሸጥ ወይም ሲዋሃድ የሠራተኛው ውል ወዴት ይሄዳል?

በምሥራቅ አዲስ አበባ በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋ ሠራተኛና ከቦሌ አየር ማረፊያ አውሮፕላን የሚያስነሳ አብራሪ በደመወዝም በኑሮም አይገናኙም። ይሁን እንጂ «ድርጅቱ ሊሸጥ ነው፤ ከሌላው ጋር ሊዋሃድ ነው» የሚል ወሬ ሲሰማ ሁለቱም የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው። እስከ ዛሬ የተገለገለው ዘመን ይቆጠራል ወይ? የተፈረመው ኅብረት ስምምነትስ ይጸናል ወይ?

ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤርፖርቶች ድርጅት ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር ተዋህዶ በአየር መንገዱ ግሩፕ ሥር ሲገባ የሁለት ድርጅት ሠራተኞች በአንድ ጣራ ሥር ሆነዋል። በኢንዱስትሪ ፓርኮችም በኩል፣ በሐዋሳ ይሠራ የነበረው ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ በኅዳር 2014 ዓ.ም. አስታውቋል። በተከታዩ ወር አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጥታለች። ገበያ ሲጠብ አንዱ ባለሀብት ይወጣል፣ ሌላው ይገዛል፣ ሁለቱ ደግሞ ይጣመራሉ። በዚህ ሁሉ መሐል ሠራተኛው የሚይዘው ወረቀት ምን ዋጋ አለው?

የአብራሪዎቹ ትምህርት

በአየር መንገድ ዓለም የአብራሪ ትልቁ ሀብት የአገልግሎት ቅድምናው ነው። በብዙ አየር መንገዶች ማን ቀድሞ ካፒቴን እንደሚሆን፣ በየትኛው አውሮፕላን እንደሚበርና ፈቃዱን መቼ እንደሚወስድ የሚወሰነው በቅድምና ዝርዝር ነው። ሁለት አየር መንገዶች ሲዋሃዱ ግን ሁለት ዝርዝሮች ወደ አንድ መምጣት አለባቸው። ጭንቀቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ዩኤስ ኤርዌይስና አሜሪካ ዌስት የተባሉ አየር መንገዶች ተዋሃዱ። የቅድምናው ጉዳይ አስቀድሞ ስላላለቀ በግልግል ዳኛ ታየ። በ2007 የተሰጠው ውሳኔ ብዙ ዓመት ያገለገሉ የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎችን በኋላ ከተቀጠሩት በታች ያስቀመጠ በመሆኑ አብራሪዎቹ አልተቀበሉትም። በ2008 ነባሩን ማኅበራቸውን ጥለው አዲስ አቋቋሙ። የሁለቱ ወገን አብራሪዎችም በአንድ ስም እየበረሩ ለዓመታት በሁለት የተለያዩ ውሎች ሲሠሩ ቆዩ።

በአንጻሩ ዴልታና ኖርዝዌስት በ2008 ሲዋሃዱ የሁለቱ ወገን አብራሪዎች የጋራውን ውል የጨረሱት ውህደቱ ከመጠናቀቁ በፊት ነበር። የቅድምና ዝርዝሩም በዚያው ዓመት በግልግል ተቋጨ። የሁለቱ ታሪክ ልዩነት ድርድሩ የተጠናቀቀበት ጊዜ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። ድርጅት ከሌላ ጋር ቢዋሃድ፣ ቢከፋፈል ወይም ወደ ሌላ ባለቤት ቢተላለፍ በዚህ ምክንያት ብቻ የሥራ ውል አይቋረጥም፤ አይለወጥምም። አዲሱ ባለቤት ሕንፃውንና ማሽኑን ሲረከብ የሠራተኛውን ያለፈ አገልግሎትም አብሮ ይረከባል ማለት ነው።

በኅብረት ስምምነት በኩል ግን ነገሩ ይለያል። ሁለቱ ድርጅቶች የየራሳቸው ስምምነት ከነበራቸው፣ ወገኖቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በስተቀር፣ የሚጸናው ብዙ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ስምምነት ነው። ለሠራተኛው በጠቅላላው የሚሻለው ስምምነት የሚመረጠው የሠራተኞቹ ቁጥር እኩል ሲሆን ነው።

ለምሳሌ አንድ ፋብሪካ 1,200፣ ሌላው 700 ሠራተኞች አሏቸው እንበል። የ700ዎቹ ስምምነት የምሳና የሰርቪስ አበል ቢኖረው፣ የ1,200ዎቹ ግን ባይኖረው፣ ከውህደቱ በኋላ የሚገዛው አበል የሌለው ስምምነት ይሆናል። ይህን ለመለወጥ አዋጁ የተወው በር «ወገኖቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ» የሚለው ቃል ነው። ድርድር የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ሌላው ጉዳይ ቀን ነው። ኅብረት ስምምነት ዘመኑ ከማብቃቱ ቢያንስ ሦስት ወር አስቀድሞ እንደገና ድርድር መጀመር አለበት። ዘመኑ ካበቃ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ድርድሩ ካላለቀ ስለ ደመወዝና ስለ ጥቅማ ጥቅም የሚናገሩት አንቀጾች መጽናታቸው ይቀራል። «ሽያጩ ይለቅና እንነጋገራለን» እየተባለ የሚገፋ ድርድር በዚህ መሐል የሚጎዳው ማንን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሂሳቡ ሲሠራ

በልብስ ስፌት ፋብሪካ የአብራሪው ዓይነት የቅድምና ዝርዝር የለም። የአገልግሎት ዘመን ግን እዚህም ገንዘብ ነው። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። የሥራ ስንብት ክፍያ ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ይታሰባል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ አንድ ሦስተኛ ይታከላል። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም።

ለስሌት እንዲያመች የቀን ደመወዟ 100 ብር የሆነ ሠራተኛ ትወሰድ። በቀድሞው ባለቤት አራት፣ በአዲሱ አንድ፣ በድምሩ አምስት ዓመት ሠርታ በቅነሳ ብትሰናበት የመጀመሪያው ዓመት 3,000 ብር፣ ቀሪዎቹ አራት ዓመታት በ1,000 ብር ታስበው 4,000 ብር፣ በድምሩ 7,000 ብር ይሆናል። በቅነሳ ምክንያት ሲሆን የ60 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 6,000 ብር ይጨመራል። በጠቅላላው 13,000 ብር ነው። አዲሱ ባለቤት አገልግሎቷን ከአንድ ብሎ ቢጀምርባት ግን የሚደርሳት 9,000 ብር ብቻ ነው። የቀድሞው አሠሪ የአራቱን ዓመት ሒሳብ ዘግቶ ካልከፈላት በስተቀር 4,000 ብሩ በአንድ ፊርማ ጠፋ ማለት ነው።

ሼድ ማከራየትና ድርጅት ማስተላለፍ

በቦሌ ለሚ አንድ ነገር በተለይ መጤን አለበት። ፓርኩ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 20 ሼዶች የነበሩት ሲሆን ሼዶቹ በመንግሥት ተገንብተው ለባለሀብት የሚከራዩ ናቸው። ስለዚህ አንድ ኩባንያ ወጥቶ ሌላው በዚያው ሼድ ቢገባ ድርጅት ተላለፈ ማለት ላይሆን ይችላል። ባዶ ሼድ የተከራየ ባለሀብት የቀደመውን ዕዳ አይወርስም። በዚህ ጊዜ የሠራተኛው ሒሳብ መዘጋት ያለበት የቀድሞው ኩባንያ ከመውጣቱ በፊት ነው። አዋጁ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ እንዲኖረው ቢያደርግም፣ ባለዕዳው ንብረቱን ጭኖ ከሄደ በኋላ ቅድሚያው ብቻውን ብዙ አይረዳም።

ጥያቄ የማቅረቢያ ጊዜውም አጭር ነው። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በሦስት ወር፣ የደመወዝ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

ከፊርማ በፊት

የሽያጭ ወሬ ሲሰማ ሠራተኛውና ማኅበሩ ሊያደርጉት የሚገባው ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ የቅጥር ደብዳቤና የደመወዝ ወረቀት ቅጂ በእጅ ይያዝ። ሁለተኛ፣ የኅብረት ስምምነቱ ማብቂያ ቀን ይታወቅ። ሦስተኛ፣ የሚጣመረው ድርጅት ስንት ሠራተኛና ምን ዓይነት ስምምነት እንዳለው ይጣራ። አራተኛ፣ «በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት ቀርቦ አዲስ ውል ሲሰጥ ያለፈው አገልግሎት መቆጠሩ በጽሑፍ ሳይሰፍር አይፈረም። ማኅበር በሌለበት ፋብሪካ ደግሞ አሥር ሠራተኞች ተሰባስበው ማቋቋም ይችላሉ።

ለገዢውም ቢሆን ይህ ጥቅም አለው። የሚረከበውን ዕዳ አስቀድሞ ያወቀ ባለሀብት በዋጋው ላይ ይደራደርበታል፤ ያላወቀው በፍርድ ቤት ይደርስበታል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።