መጀመሪያ መቆምን አስተምሪው

ሚጡ፣ ቆይ፣ ማስጀመሪያውን አትጫኚው። በደንብ እንዳዘጋጀሽው አያለሁ፤ ቴሌስኮፑ ቆሟል፣ ካሜራው ቀዝቅዟል፣ የሌሊቱ ዝርዝርም ኮምፒውተሩ ላይ ተሰልፏል። ማሽኑ ኔቡላውን ፈልጎ ሲያነሳ ያድራል፣ አንቺ ትተኛለሽ። ሐሳብሽ ልክ ነው። ነገ ሥራ አለሽ፣ እንቅልፍ እያጣሽ ደግሞ በጋውን ሙሉ ልትዘልቂ አትችዪም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ደመና ቢገባ ወይም ገመድ ቢያዝ ይህ ማሽን ምን ያደርጋል? መልሱን ካላወቅሽ አልጋሽ ላይ ጋደም ትያለሽ እንጂ እንቅልፍ አይወስድሽም።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ ለማሽኑ የሚያስተምረው መጀመርን ነው። አንቺ ከመጨረሻው ጀምሪ፤ መጀመሪያ መቆምን አስተምሪው። በደህና መቆም የሚያውቅ ማሽን ቢበዛ አንድ ሌሊት ያባክንብሻል። መቆም የማያውቅ ግን ሞተሩንም ካሜራውንም ይዞብሽ ይሄዳል።

ከመብራቱ እንነሳ። አዲስ አበባ ተቀምጠሽ ቴሌስኮፕሽን በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ጋር አታገናኚው። ዕቃዎችሽ ሁሉ በ12 ቮልት የሚሠሩ ስለሆኑ ከባትሪ ይሥሩ፤ ቻርጀሩ መብራት ሲኖር ባትሪውን ይሙላ። ያኔ መብራቱ ቢሄድ ቢመጣ ማሽኑ አያውቀውም። ሒሳቡም ቀላል ነው፤ ቴሌስኮፑን የሚያዞረው ማውንት፣ ካሜራው ከነማቀዝቀዣው፣ ሚኒ ፒሲውና የጤዛ ማሞቂያው ተደምረው ከ4 እስከ 6 አምፒር ገደማ ይወስዳሉ። 10 ሰዓት በሚዘልቅ ሌሊት ቢበዛ 60 አምፒር-ሰዓት መሆኑ ነው፤ ባለ 100 የሊቲየም ባትሪ አሳድሮሽ ይተርፈዋል። ርካሽ ነው ብለሽ የመኪና ባትሪ እንዳታመጪ። እሱ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው፤ ሌሊት ሌሊት እያራገፍሽ ባዶ ካደረግሽው ቶሎ ይሞታል።

ቀጥሎ የኮምፒውተሩ ቦታ ነው። ፕሮግራሙ መኝታ ቤትሽ ባለው ላፕቶፕ ላይ አይሂድ። ቴሌስኮፑ ላይ በምትታሰር ሚኒ ፒሲ ላይ ይሂድ፣ አንቺ ከቤት ሆነሽ በዋይፋይ ስክሪኑን ብቻ እዪ። ራውተሩ ቢጠፋ አንቺ ማየት ታቆሚያለሽ እንጂ ማሽኑ ሥራውን አያቆምም። ዊንዶውሱ ላይ ደግሞ ሦስት ነገር ዛሬውኑ አጥፊ፦ ራሱን የሚያስተኛበትን፣ ኃይል ለመቆጠብ ብሎ ዩኤስቢውን የሚያጠፋበትን፣ ሌሊት ላይ አፕዴት አድርጎ ሪስታርት የሚያደርግበትን። ካሜራው መሐል ሌሊት ላይ «ጠፋ» ሲልሽ ካሜራውን ከመጠርጠርሽ በፊት ሁለተኛውን ተመልከቺ።

ኒናን መምረጥሽ ጥሩ ነው። በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ ካሜራውን፣ ማውንቱንና የፎከስ ሞተሩን አንድ ላይ ይመራል፣ ጋይዲንጉን፣ ማለትም ኮከብ እየተመለከተ ማውንቱን የማረሙን ሥራ፣ ከሚሠራው ከፒኤችዲ2 ጋርም ይነጋገራል። ዝርዝሩን ስትጽፊ ግን ከታች ጀምሪ፤ ጋይዲንጉን አቁም፣ ካሜራውን ቀስ ብለህ አሙቅ፣ ማውንቱን ፓርክ አድርግ፣ ማለትም ማረፊያው ላይ አቁም። ከዚያ ወደዚያ መጨረሻ የሚወስዱትን በሮች ክፈቺለት፤ ጎህ ሊቀድ ሲል አቁም፣ የምታነሺው ነገር ከ30 ዲግሪ በታች ሲወርድ አቁም። የካሪና ኔቡላን ስታነሺ ግን ገደቡን ለብቻው ዝቅ አድርጊ፤ ከአዲስ አበባ ሲታይ ከደቡብ አድማስ ከ21 ዲግሪ በላይ አይወጣም።

አሁን ገመዱ ጋ ቆም በዪ፤ ሌሊት የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። የምትከተዪው ኮከብ ሜሪዲያኑን፣ ማለትም ሰማዩን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚከፍለውን መስመር፣ ሲያልፍ ማውንቱ ቴሌስኮፑን ወደ ሌላው ጎን መገልበጥ አለበት። በገና ሰሞን ሮዜት ኔቡላ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ አናታችን ላይ ትደርሳለች፣ 86 ዲግሪ ከፍታ ላይ። ያኔ ቴሌስኮፑ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያያል፣ ከኋላው ያለው ካሜራ ደግሞ ወደ ትራይፖዱ እግር ይጠጋል። ስለዚህ ቀን ላይ ክዳኑን ክደኚና ክላቹን ፈታ አድርገሽ ግልበጣውን በእጅሽ አድርጊው። ካሜራው እግሩን ይነካል? ከካሜራው የሚወጣውን ገመድ በዓይንሽ ተከተዪው፤ የትኛው ቦልት ላይ ይንጠለጠላል? የት ጋ ይወጠራል? ሚኒ ፒሲውንና የኃይል ማከፋፈያውን ቴሌስኮፑ ላይ ካሰርሻቸው ወደ መሬት የሚወርደው አንድ የኃይል ገመድ ብቻ ይሆናል። እሱን ማውንቱ መሐል ላይ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው፣ ከዚያ በታች ለግልበጣው የሚበቃ ላላ ያለ ገመድ ተዪለት። ግልበጣውን ከዚህ ጎንም ከዚያኛው ጎንም መልሰሽ መላልሰሽ ሞክሪ።

መመሪያዎቹ የማይነግሩሽን ደግሞ እኔ ልንገርሽ። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች የሰሜን ኮከብ የምትቆመው ከአድማስ 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ነው፤ ከጎረቤት ፎቅና ከጭሱ ኋላ ማለት ነው። ስለዚህ «የሰሜን ኮከብን መስቀሉ ውስጥ አስገቢ» የሚለው ምክር ለእኛ ግቢ አይሆንም። ኒና ላይ የሚጨመረውን ባለ ሦስት ነጥብ ማስተካከያ ተጠቀሚ፤ ማውንቱን እያዞረ ሦስት ፎቶ ያነሳል፣ ከዋክብቱን ከካታሎጉ ጋር አመሳክሮ ዘንግሽ ምን ያህል እንደሳተ ይነግርሻል፣ አንቺ ቦልቱን ማዞር ብቻ ነው። ሌላ ማውንት ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ እስከ 9 ዲግሪ ዝቅ ማለቱን ጠይቂ፤ የማይወርዱ አሉ። እዚህ ኬክሮስ ላይ ክብደቱን የሚሸከመው ዘንግ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚንጠለጠል የትራይፖዱን እግር ሊመታ ይችላል። አንዱን እግር ወደ ደቡብ አድርገሽ ክብደቱ በሁለቱ ሰሜናዊ እግሮች መካከል እንዲወርድ አድርጊ። ካልበቃ በማውንቱና በትራይፖዱ መሐል ማስረዘሚያ ጨምሪበት።

መቆሙን ካመንሽው በኋላ ነው ሌላውን የምትጨምሪው፣ ያውም አንድ በአንድ። መጀመሪያ ፎቶ እያነሳ የሚያየውን የሰማይ ቦታ ራሱ እንዲያውቅ አድርጊ፤ ይህን አስታፕ የተባለው ፕሮግራም በሰከንዶች ውስጥ ይሠራዋል። ከዚያ ጋይዲንጉን። የቴሌስኮፕሽ የፎከስ ርዝመት 400 ሚሊሜትር፣ የካሜራሽ ፒክሰል 3.76 ማይክሮን ከሆነ አንዱ ፒክሰል የሚሸፍነው 1.9 አርክሰከንድ ገደማ ነው፤ የጋይዲንግ ስህተትሽ ከ1 አርክሰከንድ በታች ከሆነ ይበቃሻል፣ ቁጥር እያሳደድሽ ሌሊቱን አታባክኚ። ቀጥሎ አውቶፎከስ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርዱ ሲበረታ ቴሌስኮፑ ይኮማተርና ፎከሱ ይሸሻል፤ ሙቀቱ በ1 ወይም በ2 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር እንደገና እንዲያስተካክል እዘዢው። የሚስለውን ኩርባ ግን እዪው፤ ሁለቱ ጎኖቹ ተመጣጣኝ ካልሆኑ የፎከስ ሞተሩ መያዣ ላልቶ እንደሆነ ፈትሺ። ሦስቱንም በአንድ ማታ ላስገባ ካልሽ አንዱ ሲበላሽ የትኛው እንደሆነ አታውቂም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ስለ ዝናብ ራስሽን አታታልዪ። ዳሳሽ ገዝተሽ ብታገናኚው ማውንቱን ፓርክ ያደርግልሻል፣ ሸራ ግን አያለብስልሽም። በሞተር የሚከፈት ጣሪያ እስክትሠሪ ድረስ የዝናቡ ዳሳሽ ሥራ አንቺን መቀስቀስ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጊው፣ ሸራውንም በር አጠገብ አስቀምጪ። በልግ ሲገባ በዳሳሹም ቢሆን አትተማመኚ፣ ትንበያው ጥሩ ካልሆነ አታውጪው። ጠዋት ደግሞ ዋናው ጠላት ፀሐይ ናት። ክዳን ያልተከደነ ቴሌስኮፕ ወደ ፀሐይ ካየ ውስጡ ያለውን ሁሉ ያቃጥላል። ፓርክ የሚደረግበትን አቅጣጫ ወደ ሰሜን አድርጊው፣ ክዳኑንም ማሽኑ አይከድንምና ከቁርስ በፊት ራስሽ ክደኚ። እማዬም ጥበቃውም ይወቁት፤ አንቺ ብትዘገዪ እነሱ ይከድኑልሻል፣ የበረንዳውንም መብራት አያበሩብሽም።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ሲዘጋ ዕቃውን አስገቢ፣ ልምምዱን ግን ቀጥዪ። ዕቃዎቹን ከኒና ጋር በሚያገናኘው በአስኮም ውስጥ የውሸት ካሜራ፣ የውሸት ማውንትና የውሸት ፎከስ ሞተር አሉ፤ አዲሱን ዝርዝርሽን በእነሱ እየሞከርሽ መስከረም ላይ የተፈተነ ይዘሽ ትወጫለሽ። ካሜራው ተከድኖ የሚያነሳቸውን ዳርክ ፎቶዎችም በዚያ ጊዜ ሰብስቢ።

ዛሬ ማታ ግን ነቅተሽ ሳለሽ ሆን ብለሽ አበላሺበት። የባትሪውን ቻርጀር ንቀዪ። ራውተሩን አጥፊ። ደመና የመጣ ይመስል የጋይድ ቴሌስኮፑን በኮፍያ አምስት ደቂቃ ክደኚውና ኮከቡን ሲያጣ፣ መልሶም ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ እዪ። በመጨረሻም የማቆሚያውን ሰዓት ከአሁን አሥር ደቂቃ በኋላ አድርጊና ካሜራውን አሙቆ፣ ማውንቱን ወደ ሰሜን መልሶ መቆሙን ቆመሽ ተመልከቺ። አንዱን ፈተና እንኳ ከወደቀ እሱን ብቻ አስተካክለሽ ነገ ድገሚው። ገና ኅዳር ነው፤ ለደብዛዛ ኔቡላ አሥራ አምስት ሰዓት ብርሃን ብትፈልጊ እንኳ ሳትቸኩዪ የምትሰበስቢበት በቂ ሌሊት ከፊትሽ አለ።