ልጁ ዝም ሲል ወላጁ ይናገራል

ዛሬ ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም እናወጋለን። «የሶሺዮሎጂ ምሩቅ ምን አገባት?» ትሉ ይሆናል። የምሠራበት የወጣቶች ክበብ ለአባላቱ በስልክ አጭር መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ፈለገ፤ ባለሙያ የምንቀጥርበት ገንዘብ ስላልነበረን እኔው ጃቫ ተማርኩ። ሁለት ቃላት በጣም አስቸግረውኝ ነበር፦ ውርስና ፖሊሞርፊዝም።

ፕሮግራማችን ሁለት ነገር ያስታውሳል፤ የክበብ ስብሰባና የክሊኒክ ቀጠሮ። ሁለቱም ስልክ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓትና ምክንያት አላቸው። ይህን ሁለት ጊዜ ከመጻፍ «አስታዋሽ» የሚባል አንድ ወላጅ ክላስ እንሠራለን። «የስብሰባ አስታዋሽ» እና «የቀጠሮ አስታዋሽ» ልጆቹ ይሆኑና ወላጁ ያለውን ይወርሳሉ። በጃቫ ልጁን ከወላጁ የሚያገናኘው ቃል «ኤክስቴንድስ» ይባላል። ውርሱ ትክክል መሆኑን «ነው» በሚለው ቃል ፈትኑት። የስብሰባ አስታዋሽ አስታዋሽ ነው፤ ያስኬዳል። ክሊኒክ አስታዋሽ ነው? አይደለም፤ ስለዚህ ልጁ ሊሆን አይችልም።

ይህን ሳስተምር አንዲት ተማሪ «ኤች አይ ቪም እንዲህ ነው የሚወረሰው?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው! ቫይረሱ እንደ ዓይን ቀለም በዘር አይወረስም፤ በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም በጡት ማጥባት ጊዜ ይተላለፋል እንጂ። መተላለፊያው ደግሞ ሊዘጋ ይችላል። ምንም እርዳታ ካልተደረገ ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ፤ እናትየውና ሕፃኑ ተገቢውን መድኃኒት ሲያገኙ ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል።

ወደ ኮምፒውተራችን እንመለስ። ፖሊሞርፊዝም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ብዙ መልክ እንደማለት ነው። ወላጁ «አስታውስ» የሚል ሜተድ አለው፤ ልጆቹ ይህንኑ በራሳቸው መንገድ እንደገና ሊጽፉት ይችላሉ። ዋናው ፕሮግራም ዝርዝሩን ይዞ ለእያንዳንዱ «አስታውስ» ይላል እንጂ «አንተ ማነህ?» ብሎ አይጠይቅም። እያንዳንዱ እንደየመልኩ ይመልሳል። ነገ ሌላ ዓይነት አስታዋሽ ብትጨምሩ ዋናውን ፕሮግራም አትነኩትም። በነገራችን ላይ ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ኦሌ-ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ የተባሉ ኖርዌያውያን እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሙላ 67 በተባለው ቋንቋቸው ውርስን አስገብተው ነበር።

እኔ ግን ተሳሳትኩ። የወላጁ «አስታውስ» ሰዓቱን ከነምክንያቱ ይልክ ነበር። ለስብሰባ ምንም አይደል። ለቀጠሮው ግን ሜተዱን እንደገና መጻፍ ረሳሁ። ኮምፒውተሩም ስህተት አለ አላለኝም፤ ልጁ የራሱ ከሌለው የወላጁን ይጠቀማላ! ደግነቱ የሞከርኩት በራሴ ቁጥር ነው። ጠረጴዛ ላይ የተውኩትን ስልክ ታናሽ ወንድሜ አንስቶ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ነገ 3 ሰዓት የኤች አይ ቪ መድኃኒት ቀጠሮ አለ።» እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። ለእኔ ማስረዳቱ ቀላል ነበር። ስልኩን ከእህቱ ጋር ለሚጋራ፣ ለማንም ላልተናገረ የ17 ዓመት ልጅ ቢደርስስ?

በዚያው ሌሊት ገለበጥኩት። አሁን ወላጁ «ነገ 3 ሰዓት እንዳይረሳ» ብቻ ይልካል። ምክንያቱን መናገር የሚፈልግ ልጅ ራሱ ይጻፍ፤ የስብሰባው ጽፏል፣ የቀጠሮው ዝም ብሏል። ከእንግዲህ ብረሳም የሰው ገመና አይወጣም።

የቤት ሥራ ልስጣችሁ። «የምርመራ ውጤት አስታዋሽ» የሚባል ሦስተኛ ልጅ ጨምሩ። ከወላጁ ምን ይወርሳል? «አስታውስ»ን እንደገና ትጽፉለታላችሁ ወይስ ትተዉታላችሁ?